የጁላይ ፎር አፈር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ሠርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ፣ "ምን ነበር የምትሠራው?" ይሉኛል። ታክሲ፣ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል ብላቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን "የቤዝቦል ሜዳ አፈር ነበር የማሰናዳው" እላለሁ። ያን ጊዜ ሰውየው አንዴ ፊቴን አንዴ ጫማዬን ያያል። "አፈር?" ይላል። "አዎ፣ አፈር" እላለሁ። አንዴ ተቀምጬ ልጻፈውና ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሁሉ ያንብበው ብዬ ነው።

ታደሰ እባላለሁ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው። ሥራዬ ግን ወንዙን ተሻግሮ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለ የካውንቲ ፓርክ ውስጥ ነበር። ጠዋት በቢጫው ባቡር እወጣና መሀል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ እቀይራለሁ፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ስሄድ ከባለ ክራቫቶቹ መሀል ንጹሕ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ ስመለስ ከጉልበቴ በታች ቀይ ነኝ። ባለቤቴ ጽጌ በሩ ሥር ጋዜጣ አንጥፋ ትጠብቀኛለች። እንደምን ዋልክ ከማለቷ በፊት "ጫማህን እዚያው" ትላለች።

ቤዝቦልን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሜዳው አብዛኛው ሣር ነው። ተጫዋቾቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሮጡበት ግን ሣር የሌለው ቀይ አፈር ነው፤ በዱላ የተመታችው ኳስ መሬት ለመሬት ስትሄድ የምትነጥረው እሱ ላይ ነው። አፈሩ ከደረቀ ኳሷ እንደ ጠጠር ትፈናጠራለች፣ ከረጠበ እዚያው ትሞታለች። ሣሩና አፈሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉብታ ከተረሳች ደግሞ ኳሷ የሚጠብቃት ልጅ አፍ ላይ ትወጣለች። የእኔ ሥራ ኳሷ ልጁ በጠበቃት ቦታ እንድትመጣለት ማድረግ ነበር። ሥራው ሲያምር ማንም አያየውም።

ሀገር ቤት አዳማ ላይ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ተማሪዎቹን አሰልፌ የእግር ኳስ ሜዳውን የምደለድል እኔ ነኝ። ክረምት የቆፈረውን እንሞላለን፣ የተቆለለውን እንንዳለን፤ ሜዳዬ ላይ ጉብታ ማየት አልወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ መንገሬ ኋላ ይጠቅማል። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ የሠራሁት አሌክሳንድሪያ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ፓርኪንግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ እየዋጥኩ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራው ነጋሽ፣ "ሲልቨር ስፕሪንግ ለሜዳ ሥራ ሰው ይፈልጋሉ፤ አንተ ደግሞ ሜዳ ሜዳ ትላለህ" አለኝ። አፕላይ አደረግኩ። ደሞዙ ከፓርኪንጉ የሚሻለው በጥቂት ነበር፣ ኢንሹራንሱ ግን ለጽጌም ይሆናል አሉኝ። ፈረምኩ።

ጀምር የተባልኩት ጁላይ ፎር ቀን ነው፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል። በዚያ ሜዳ የሚጫወቱት በዚህ ሀገር የበጋ ወራት የሚሰበሰቡ የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ ከሌላው ቀን ሁሉ የሚበልጠው ጨዋታቸው ደግሞ ይኸው የበዓሉ ነው። ሰው ከነልጆቹ፣ ከነበረዶ ሳጥኑ ይመጣል። አለቃዬ ሚስተር ክላይድ የሚባሉ፣ ከደቡብ ካሮላይና የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሬክ የሚሉትን ባለ ጥርስ መጥረጊያ ሰጡኝና አፈሩን ቀስ ብለህ ጥረግ ብለውኝ የመስመሩን ኖራ ሊያመጡ ሄዱ።

ጠረግኩ። ሜዳው መሀል ግን አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። እንዲህ ባማረ ሜዳ ላይ፣ እምብርቱ ላይ፣ አንድ ክምር አፈር። ገልባጭ መኪና አራግፎት የሄደ ነው የሚመስለው። ለበዓል ቀን ይህን እንዴት ይተዉታል አልኩ። ሰውየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሳይመጡ ላስደስታቸው አልኩና አካፋ አነሣሁ። ጠንካራ ነበር፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ናድኩት። አፈሩን ዙሪያውን በትኜ፣ ሬክ አድርጌበት፣ እንደ ጠረጴዛ አስተካክዬ ቆምኩ። አዳማ ቢሆን ዳይሬክተሩ እጄን ይጨብጠኝ ነበር።

ማውንድ የሚባለው ነገር እሱ ነው። ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ነው፤ ያለ እሱ ጨዋታ የለም። ከፍታው በጨዋታው ሕግ የተጻፈ፣ ቁልቁለቱ በክር የሚለካ፣ በየቀኑ የሚታከም የሜዳው ልብ ነው።

ሚስተር ክላይድ የኖራውን ጋሪ እየገፉ መጡና ቆሙ። ሜዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ባልዲ ገለበጡና ተቀመጡበት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ አሟቸው መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ፣ ድምፅ ሳያወጡ። ስቀው ሲጨርሱ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና "መልሰህ ሥራው" አሉኝ።

"እኔ?"

"ማን ናደው?"

አብረን ሠራነው። ወፍራሙን ሸክላ በስስ እናነጥፋለን፣ ውኃ እናርከፈክፋለን፣ በመደቅደቂያ እንመታለን፣ ደግሞ እናነጥፋለን። አንዱ ንብርብር ከሌላው እንዲያያዝ የታችኛውን እንጭረዋለን። እሳቸው ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው በክር ይለካሉ፤ የወርዋሪው እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ "እዚህ ጠበቅ አድርገው፣ ልጁ ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው እዚህ ነው" ይላሉ። ሰዉ መግባት ጀምሮ ሳለ ጨረስን። ቀን ሙሉ ልጆቹ ከዚያ ላይ ወረወሩ፣ አልፈረሰም። ሌላ አለቃ ቢሆን ያን ቀን ወደ ፓርኪንጌ ይመልሰኝ ነበር። እሳቸው ግን ሲመሽ "ያን ሁሉ በአካፋ ብቻ ናድከው? ነገ ና" አሉኝ።

ያን ታሪክ ለጽጌ አልነገርኳትም። እሷ ድሮም፣ "መምህር ሆነህ አሜሪካ ድረስ የመጣኸው አፈር ልትገፋ ነው?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አፈሩንም አላወቀበትም እንድትል አልፈለግኩም።

የሚስተር ክላይድ ጸባይ እንዲህ ነበር። እርጥብ ሸክላ ላይ ፈጽሞ አይረግጡም፤ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ በሣሩ ዞረው ነው የሚሄዱት። አፈሩን በመረብ ጎትተው ሲያለሰልሱ በገቡበት በር አይወጡም፤ በአንድ ቦታ ከተመላለስክ አፈሩ ጠርዙ ላይ እየተከማቸ ጉብታ ያበቅላል። ደግሞ ምንጊዜም ኪሳቸው ውስጥ አንድ ፍሬ ኮክ አለ። ሜዳው ሳያልቅ አይበሉትም። ኮኩን ሲነክሱ ካየሁ ሥራው አልቋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቁልፋቸው ነው የማይረሳኝ። የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው አፈሩ ውስጥ ይሰኩታል። አልገባም ካለ አፈሩ ውኃ ይፈልጋል። ገብቶ ጭቃ ይዞ ከወጣ ገና ነው። ለስለስ ብሎ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ያን ጊዜ ለጨዋታ ደርሷል። እኔም ለመድኩ፣ በራሴ ቤት ቁልፍ። በየጥቂት ወሩ የአፓርትመንታችን በር አልከፈት ይላል፤ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ መጥቶ የበሩን መቆለፊያ እየፈታ፣ "ይሄ ምንድን ነው፣ ሸክላ ነው እንዴ?" ይላል። ጽጌ የጎረቤት ልጆች ናቸው ብላ ስንት ጊዜ ተቆጣች። እኔ ቁልፌን በሱሪዬ ጠርጌ ኪሴ እከታለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ዶና። ዶና በማይክሮፎን የምታስተዋውቀው ናት፤ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ነበረች። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በዚያ ዕለት፣ ባለፉት ዓመታት፣ በቤዝቦል ምን እንደተደረገ ታነባለች። ጁላይ ፎር ሲሆን ንባቧ ይረዝማል፣ ቀኑ ባለ ታሪክ ነው። በጠና የታመመ አንድ ታላቅ ተጫዋች ኒው ዮርክ ላይ በሕዝብ ፊት የተሰናበተው፣ ተሰናብቶም እድለኛ ነኝ ያለው በዚህ ቀን ነው። ሌላ ወርዋሪ አንድም ሂት ሳይሰጥ፣ ማለትም ማንም ኳሱን መትቶ ማዕዘን ሳይደርስበት፣ ሙሉ ጨዋታ የጨረሰው በዚህ ቀን ነው። አትላንታ ላይ ደግሞ ዝናብ እያቋረጠው፣ ጨዋታው አላልቅ ብሎ እስከ ንጋት ቆየ። የበዓሉን ርችት ሊነጋጋ ሲል ቢተኩሱት ሰፈሩ ጦርነት መስሎት ተነሣ።

ይህን የአትላንታውን ስታነብ ሚስተር ክላይድ ከአጥሩ ሥር ሆነው ቀና ይላሉ። "ዶና፣ ያን ሜዳ ማን አደረቀው?" ይሏታል። እሷም፣ "ክላይድ፣ እሱን የጻፈው የለም" ትላለች። በየዓመቱ ይህንኑ ይባባላሉ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ "ሌሊቱን ሙሉ ሸራ ሲያነሣና ሲያለብስ የነበረ ሰው አለ" ይሉኛል። ከዚያ ቀስ ብለው ለእኔ ብቻ የራሳቸውን ታሪክ ያነባሉ፦ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሜዳ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ማውንዱን ደለደለው።" ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ስንል ጉልበታቸው አቃታቸውና ጡረታ ወጡ። ሎረል የምትባል ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሜዳው ለእኔ ሆነ። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ኃላፊ ሆኜ ባሰናዳሁት ጁላይ ፎር ዝናብ መጣ።

ማለዳውን ጥሎ አባራ። አፈሩ ላይ ኩሬ ኩሬ ቆሟል። የዚያን ጊዜው አለቃ ሆት ዶግ የሚሸጥበትን ሰዓት እንጂ ሌላ የማያይ ሰው ነበር፤ እላዬ ላይ ቆሞ "ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ይለኛል። ሚስተር ክላይድ ያስተማሩኝን አውቀዋለሁ። ውኃው በስፖንጅ ይወጣል፣ አፈሩ ይጫራል፣ ከዚያ ይጠበቃል፤ ውኃ የሚመጥጠው የሸክላ ጥራጥሬ የሚበተነው መጨረሻ ላይ፣ እሱም በስሱ ነው። እኔ ግን ሰዉ እየገባ፣ አለቃው እየጮኸ፣ መጠበቁን ዘለልኩት። ጥራጥሬውን በከረጢት በከረጢት ገለበጥኩበት። ከላይ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር፣ ሰው አጨበጨበልኝ። ከሥሩ ግን ገንፎ ነበር።

ጨዋታው እንደተጀመረ ነው የሆነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ማዕዘን መሀል የሚጫወተው ልጅ፣ ሾርትስቶፕ የሚሉት፣ ኳስ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እግሩ ሰመጠ። ገላው ዞረ፣ እግሩ አልዞረም። ጩኸቱ እስከ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ተሰማ። ተሸክመው አወጡት፣ የበጋው ጨዋታ አበቃለት። ዳኞቹ ሜዳውን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው ጨዋታው አይቀጥልም አሉ። ያ ሁሉ ሰው ልጁን እየጎተተ ሲወጣ እኔ ሬክ ይዤ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ልጁን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት፤ እሱ አጽናናኝ፣ የባሰ አፈርኩ።

ሚስተር ክላይድ ያን ቀን ተመልካች መቀመጫ ላይ ነበሩ። ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ በሣሩ ዞረው፣ እያነከሱ መጡ። ጎንበስ ብለው ቁልፋቸውን ሰኩና አውጥተው አሳዩኝ። እስከ እጀታው ጭቃ ነው።

"ቁልፉን ጠይቀኸው ነበር?"

"አልጠየቅኩም።"

"ከእንግዲህ ማንም ይጩህብህ፣ የምትሰማው እሱን ነው" አሉና ኮካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሳይበሉት የቀረ ኮክ ያ ብቻ ነው። ባቡር ውስጥ ይዤው ተቀመጥኩ፣ መብላትም መጣልም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ጁላይ ፎር አለፈ። አለቆች ተለዋወጡ። በድርቁ ዓመት ሜዳዬ ሳይሰነጠቅ ከረመ። ሊጉ ሲወዳደር ልጆቹ "እዚያ ሜዳ ላይ ኳሷ አትዋሽም" ይሉ ነበር አሉኝ። ይህን በሰማሁ ቀን አሌክሳንድሪያ እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ። ሚስተር ክላይድ በየዓመቱ ይመጡ ነበር፤ አንድ ክረምት ግን ልጃቸው ኮል አደረገችልኝና ማረፋቸውን ነገረችኝ። ለቀብራቸው ሎረል ሄድኩ። እንደ ሀገሬ ደንብ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ዘመዶቻቸው መጥተው አቀፉኝ።

የእኔ የመጨረሻ ጁላይ ፎር አምና ነበር። ጽጌ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ጨዋታ አይታ አታውቅም። የምትሠራበት ሆቴል በዓል ቀን እረፍት አይሰጥም፤ እውነቱን ለመናገር ግን እሷም አትፈልግም ነበር። አምና ግን "እስቲ ይሄን አፈርህን ጡረታ ሳትወጣ ልየው" ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ጃንጥላ ይዛ መጣች። ይዛ መምጣቷም ደግ ሆነ፣ ያን ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ።

ሸራ አልብሰነው አድረናል። ነፋሱ ግን አንዱን ጫፍ ገልብጦ ውኃው የት ገባ? ሾርትስቶፑ የሚቆምበት፣ ያ ልጅ የወደቀበት ቦታ። አለቃችን ብራያን ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ወደ ጎን ወሰደኝና እንዲህ አለኝ፦ "ታድ፣ ካውንቲው ፕላስቲክ ሣር ላንጥፍ እያለ ነው። ዘንድሮ በዝናብ የተዛወረ ጨዋታ በዝቷል። የዛሬውም ከተዛወረ የምከራከርበት አይኖረኝም። ሎረል ያለ ትምህርት ቤት ፕላስቲክ ሜዳውን ክፍት አድርጎ እየጠበቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ መወሰን አለብኝ።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁበት አፈር ከእኔ ጋር ጡረታ ሊወጣ ነው። እኔን የሚተካው ራሞን፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ጎልማሳ ሥራ ወዳድ ሰው፣ ጥራጥሬውን በትከሻው ይዞ "ልበትነው?" አለኝ። "አስቀምጠው" አልኩት።

ዝናቡ አባራ። በስፖንጅ ጀመርን፤ እየመጠጥን ባልዲ ላይ መጭመቅ፣ እየመጠጥን መጭመቅ። ውኃው ሲያልቅ በምስማር መረብ አፈሩን ጫርነው፣ ነፋስ እንዲገባው። ከዚያ ሬኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ምንም ሳልሠራ። ሰዉ ገብቷል፣ ልጆቹን ሎረል የሚወስዱት አውቶቡሶች ሞተር አስነሥተዋል፣ ብራያን ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ያ የልጁ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ነበር። ፀሐይ ወጣች፣ ነፋስ መጣ።

ቁልፌን ሰካሁ፤ ጭቃ። ቆየሁ። ሰካሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ። ያን ጊዜ ራሞንን "አሁን፣ በስሱ" አልኩት። በእጁ እንደ ጨው በተነው፣ አለሰለስነው። ብራያን መጣ፤ ደረሰ ወይ አላለኝም፣ ቆሞ ጠበቀኝ። ተንበርክኬ ቁልፌን እንደገና ሰካሁት። ለስለስ ብሎ ገባ። ሳወጣው ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ።

"ይጫወቱ" አልኩት።

ብራያን እጁን ወደ አውቶቡሶቹ ሲያወዛውዝ ሞተሩ ጠፋ። ኪሴ ውስጥ ኮክ ነበረኝ፣ ነከስኩት።

ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ ዶና ማይክሮፎኑን ከፈተች። የታመመውን ተጫዋች አነበበች፣ አንድም ሂት ያልሰጠውን አነበበች፣ የአትላንታውን ዝናብ አነበበች። እዚያ ላይ ቆም አለች። ከአጥሩ ሥር የሚጠይቃት ሰው እንደሌለ ገባኝ። ከዚያ ቀጠለች፦

"ያን ሜዳ ማን እንዳደረቀው የጻፈው የለም። የዛሬውን ያደረቀው ግን ታደሰ ነው። ክላይድ ከማረፉ በፊት አደራ ያለኝም አለ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሜዳ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ገና በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ማውንዱን ደለደለው።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ተነሥቶም አጨበጨበ። እኔ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ዞር ስል ጽጌ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ደረጃውን እየወረደች ነው። አጥሩ ጋ መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ግን ያው አፏ ነው።

"በመጀመሪያ የቤታችን ቁልፍ ነው መሬት የምትወጋበት? የጎረቤቱን ልጆች ስንት ጊዜ ተቆጣሁ በከንቱ።"

"እሱ ነው።"

"ቆይ፣ ያ ማውንድ የሚሉትን፣ እውነት ደለደልከው?"

"ደለደልኩት።"

"ታዲያ ምን አሉህ?"

"መልሰህ ሥራው አሉኝ።"

"ሠራኸው?"

ወርዋሪው ልጅ ከፍ ብሎ ቆሞ እግሩን እያመቻቸ ነበር። በጣቴ አሳየኋት።

"ያውልሽ፣ ልጁ የቆመበት ነው።"